የኮርሳ ቦርሳ ጨረታ

ክብሪት ለመግዛት ሦስት ሱቅ የሚዞር ሰው አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። እኔ ግን አንድ አውቃለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በውሃ ሥራዎች መሥሪያ ቤት የግዢ ሠራተኛ ሆኖ ቧንቧ፣ ብሎን፣ መወልወያና የቢሮ ወንበር ሲገዛ ኖሯል። ከሦስት ሻጮች ፕሮፎርማ ሳይሰበስብ ምንም ነገር ስለማይገዛ ስሙ ራሱ ፕሮፎርማ ሆኖ ቀረ። ሚስቱም እንደዚያው ነው የምትጠራው፤ ሲብስባት ብቻ «አንተ ሰውዬ» ትለዋለች።

እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። በወጣትነቱ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ አንድ ሻጭ አምኖ የውሃ ፓምፕ ገዛ። ፓምፑ ከጉድጓድ ውሃ ያወጣል ሲባል በጋኑ ውስጥ የነበረውን ሁሉ መልሶ ወደ ጉድጓዱ ላከው። ፕሮፎርማም ማህተም ያረፈበት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ከዚያን ቀን ወዲህ ያለ ሦስት ወረቀትና ያለ ግዢ ኮሚቴ እጁ ወደ ኪሱ አይገባም።

ጡረታ ሲወጣ በሽታው ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት ተዛወረ። ኮሪደሩ ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሰቀለ። የጨው ዕቃው ላይ «ጨው»፣ የስኳሩ ላይ «ስኳር»፣ ባዶው ላይ ደግሞ «በሂደት ላይ» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ሚስቱ በአውቶቡስ ጋራዥ የወንበር ልብስ ሰፊ ናት። ቀኑን ሙሉ ወፍራም ላስቲክ በመርፌ ስትወጋ ውላ ስትገባ በሩ ላይ ቆማ «ዛሬ ደግሞ ምን ለጠፍክ?» ትለዋለች። ትወደዋለች። አንዳንድ ቀን ከቤት ወጣ ቢልላት ደግሞ አብልጣ ትወደው ነበር።

የስንብቱ ዕለት ባልደረቦቹ አዋጥተው ብስክሌት ሰጥተውት ነበር። ኮርሳ ነው፤ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ፣ ግን ለውድድር ሳይሆን ለረጅም መንገድ የተሠራ፣ ጎማው ወፈር ያለ። ፕሮፎርማ አመስግኖ ሲያበቃ መጀመሪያ የጠየቀው «ስንት ቦታ ጠይቃችሁ ነው የገዛችሁት?» ብሎ ነበር። «አንድ» አሉት። ሳምንት ሙሉ አልነካውም። በኋላ ግን ወደ ዳቦ ቤት፣ ቀጥሎም ወደ ገበያ፣ አንድ ቀን ደግሞ በድፍረት አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ በላይ ሄዶ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ታላቅ እህቱ መጣች። ዕድሜዋን ሁሉ በብስክሌት ደብዳቤ ስታድል የኖረች፣ ስልሳ ሰባት ዓመት የሞላት፣ እግሯ ብረት ምላሷ ምላጭ የሆነ ሴት ናት። የዚያን ቀን ግን ብስክሌቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ስትገባ አነከሰች።

«ቀጠሮ ሰጡኝ» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ሊያደርጉት ነው። ከዚያ ወዲያ ብስክሌት የሚባል ነገር የለም፤ ደረጃም በልመና ነው አለኝ ሐኪሙ።»

«አይዞሽ፣ እትዬ።»

«አይዞሽን ተወው። በዚህ ጉልበት አንድ መንገድ ይቀረኛል፤ እሷንም ካንተ ጋር ነው የምሄዳት። አባባ የሠራው ድልድይ ድረስ። አራት ቀን መሄጃ፣ አንድ ቀን ማረፊያ፣ አራት ቀን መመለሻ። ከቀጠሮዬ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብለን ሰኞ ጠዋት እንነሳለን። አንድ ቀን ትርፍ የላትም።»

አባታቸው ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ሁለቱም ያደጉት እሱ ከሠራው ድልድይ አጠገብ ነው። ፕሮፎርማም ብስክሌት የተማረው እዚያው ድልድይ ላይ፣ እህቱ ኮርቻውን ከኋላ ይዛ እየሮጠች ነው። ይህን ሲያስብ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ልቡ «እሺ» አለ። አፉ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደውን ተናገረ።

«ቦርሳ የለኝም እኮ።»

እህቱ በጣቷ ወደ ደጅ አመለከተች። በብስክሌቷ የኋላ መጫኛ ላይ አንድ የሩዝ ጆንያ በአሮጌ ካላማዳሪያ፣ በጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ተጠፍሮ ታስሯል። «የሰው ሁሉ ደብዳቤ ይዞ የኖረ ካላማዳሪያ ያንተን ካልሲ አይይዝም?» አለችው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ እትዬ።»

«ሳይሮጡ የታጠቁትስ?» አለችና ተነሳች። «ስድስት ሳምንት አለህ።»

በማግስቱ ኮሪደሩ ሰሌዳ ላይ «የመንገደኛ ብስክሌት ቦርሳ ግዢ ኮሚቴ» የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ሰብሳቢ ሚስቱ፣ የቴክኒክ አባል እህቱ፣ ጸሐፊ ራሱ። ሚስቱ ሰብሳቢ መሆኗን ያወቀችው ፊቷን ልትታጠብ ስትሄድ አንብባ ነው።

«ሰብሳቢ ከሆንኩ ስብሰባውን ዘግቻለሁ» አለች።

«ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ አይዘጋም» አላት።

የመመዘኛው ሰነድ አሥራ አንድ ገጽ ሆነ። ውሃ አለማስገባት ሠላሳ ነጥብ፣ አለመወዛወዝ ሠላሳ፣ ከጎማና ከመሪ ጋር ተስማምቶ መኖር ሃያ፣ ጥንካሬ አሥራ ስምንት። የቀረችው ሁለት ነጥብ ለመልክ ተሰጠች፤ እሷም ሰብሳቢዋን ለማስደሰት ነው። እንግዲህ ሦስት ተጫራች ያስፈልጋል። በከተማው የብስክሌት ቦርሳ የሚሸጡት ግን ሁለት ናቸው፤ አንዱ የስፖርት ዕቃ መደብር፣ አንዱ ድንኳን ሻጭ። ሁለት ተጫራች ደግሞ በፕሮፎርማ ሃይማኖት ጨረታ አይባልም። ሰረዘው። እንደገና አወጣው። እንደገና ሁለት ብቻ መጡ። እንደገና ሰረዘው። እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ሳምንት አለቀ።

በአምስተኛው ሳምንት ግን ተስፋ ያልተጣለበት ሦስተኛ ተጫራች ብቅ አለ። ሁለት ቤት አልፎ ያለው ጎረቤታቸው፣ የሬሳ ሣጥን ሠሪው፣ አጥሩ ላይ የተለጠፈውን የጨረታ ማስታወቂያ አንብቦ አንድ የተወለወለ ሣጥን በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ቁመቱ አጠር ያለ ነው እንጂ የናስ እጀታ ሳይቀር አለው።

«ቦርሳ ነው የተባለው» አለ ፕሮፎርማ።

«ዕቃ መያዣ ነው የተባለው» አለ ሣጥን ሠሪው። «ውሃ አያስገባም። እስካሁን አንድም ደንበኛ አስገባ ብሎ የተመለሰ የለም።»

ፕሮፎርማ ሰነዱን ገልብጦ አየው። እንጨት አይቻልም የሚል የለም። መዘገበው።

ከዚያ ፈተናው ተጀመረ። ሦስቱም ናሙናዎች ሩዝ ተሞልተው በየተራ ብስክሌቱ ላይ ታሰሩ። ለውሃው ፈተና ብስክሌቱ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ግማሽ ሰዓት ሻወር ስር ይቆማል። ለመወዛወዙ ደግሞ ቦርሳው ላይ ውሃ የሞላ ሲኒ ይቀመጥና ብስክሌቱ በኮሪደሩ ላይ እየተገፋ ይመላለሳል፤ የፈሰሰው በሻይ ማንኪያ ይሰፈራል። የረጠበው ሩዝ አይጣል ተብሎ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋትም ማታም ሩዝ ተበላ። ሚስቱ ጋራዥ ውስጥ ሌላ ሰው የያዘውን ምሳ በናፍቆት ታይ ጀመር።

የስፖርት መደብሩ ቦርሳ መልኩ ያስጎመጃል። ከኮርቻው ስር እንደ ጭራ ወደ ኋላ የሚዘረጋ ነው። ፕሮፎርማ ግን አጭር ሰው ነው። አጭር ሰው ኮርቻው ዝቅ ይላል፣ ኮርቻው ዝቅ ሲል ቦርሳው ጎማውን ይነካል፣ ስለዚህ ጉዞው ሁሉ ቂርር ሊል ነው። የዚያው መደብር የመሪ ቦርሳ ደግሞ ከቀንዶቹ መሀል ሰፍቶ እጅ ማስቀመጫ ከለከለ፤ የፍሬኑንም ሽቦ ተጭኖ ብስክሌቱን ሳይነዱት አቆመው። የድንኳን ሻጩ ጎንና ጎን የሚንጠለጠሉ ቦርሳዎች ጠንካራ ነበሩ። የተሠሩት ግን ውሃ እንዳይገባ ሳይሆን የገባው እንዳይወጣ ነው፤ ከሻወር ሲወጡ አራት ሊትር ይዘው ተገኙ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሊነሱ አንድ ቀን ተኩል ሲቀር፣ ኮሚቴው ሳሎን ተሰበሰበ። እህቱ የታመመ እግሯን ወንበር ላይ ዘርግታለች። ፕሮፎርማ ውጤቱን ሊያነብ መነጽሩን ሲያደርግ ሚስቱ ተነስታ ጓዳ ገባችና ጥቁር ነገር ታቅፋ ወጣች።

«አራተኛ ተጫራች» አለች።

በአውቶቡስ ወንበር ላስቲክ የተሰፉ ሦስት ቦርሳዎች ናቸው። እሱ ፕሮፎርማ ፍለጋ በወጣ ቁጥር ብስክሌቱን ስትለካ፣ በምሳ ሰዓቷ ጋራዥ ውስጥ ስትሰፋ ከርማለች። የኮርቻው ቦርሳ ከጎማው ሦስት ጣት ሲቀረው ያበቃል። የመሪው በቀንዶቹ መሀል ልክ ተቀምጦ ሽቦውን በጎን ያሳልፋል። የፍሬሙ በብረቶቹ መሀል ያለውን ሦስት ማዕዘን ሞልቶ ጉልበት አይነካም። ሻወር ስር ገባ፤ ሩዙ ደረቅ ሆኖ ወጣ። ሲኒው ተቀመጠበት፤ ኮሪደሩን አራት ጊዜ ተመላለሰ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ፕሮፎርማ ዘጠና ስምንት ብሎ ጻፈ። በሕይወቱ እንደዚህ ያለ ነጥብ ሰጥቶ አያውቅም። ሚስቱን ቀና ብሎ ሲያያት ምን ያህል እንደሚኮራባት ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ ጠቆረ።

«ግን አንቺ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነሽ» አለ።

«እና?»

«የኮሚቴ አባል ተጫራች መሆን አይችልም። የጥቅም ግጭት ነው። ውድቅ ነው።»

«የምን ጥቅም? አንተ ዘጠኝ ቀን ስትወጣልኝ የማገኛት እረፍት?»

ፕሮፎርማ አሰበበት። «እሷም ጥቅም ናት» አለ።

የቀሩት ነጥቦች ተደመሩ። የስፖርት መደብሩ አርባ አራት፣ ድንኳን ሻጩ ሠላሳ ዘጠኝ፣ የሬሳ ሣጥኑ ስልሳ አንድ። በጥንካሬ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል፤ ባዶውን ዘጠኝ ኪሎ መመዘኑን የሚጠይቅ መስፈርት አልነበረም። ፕሮፎርማ አሸናፊውን በቆመበት፣ ድምፁን ጠርጎ አነበበ። እህቱ እስክትታጠፍ ሳቀች፣ ከዚያ ጉልበቷን ያዘች።

«ቀልድህን ነው አይደል?»

«ደግሞ አምስት የሥራ ቀን የቅሬታ ማቅረቢያ አለ። ከዚያ በፊት ርክክብ የለም።»

«ሰኞ ነው የምንነሳው፣ አንተ ልጅ።»

«ደንቡ ነው፣ እትዬ።»

«ደንብህ ጉልበቴን አያውቀውም» አለች። ይህን ያለችው በቁጣ አልነበረም፤ ቢሆን ይሻለው ነበር። ሚስቱ ቦርሳዎቿን አንድ በአንድ ሰበሰበች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለችና ጓዳ ገባች።

ሰኞ ጠዋት ፕሮፎርማ ሲነሳ ኮሪደሩ ሰፍቶ ታየው። ብስክሌቱ የለም። ሰሌዳው ላይ በሚስቱ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ የሚል ወረቀት ተለጥፏል፦ «ሰብሳቢዋና የቴክኒክ አባሏ ለመስክ ሥራ ወጥተዋል። ምልዓተ ጉባኤ የለም። ሩዝ አለ።»

ለሚስቱ ብስክሌት አዲስ አይደለም። አሥራ አምስት ዓመት ጋራዥ የተመላለሰችው በብስክሌት ነው፤ ያቆመችው የራሷን ብስክሌት ወደ ኋላ የሚመለስ አውቶቡስ ከረገጠባት ወዲህ ነው። ቁመታቸውም እኩል ነው፤ በጫማው ችሮታ ካልሆነ እሱ አይበልጣትም። የዓመት ፈቃዷንም ጠይቃ ጨርሳ ነበር። ለራሷ እረፍት ብላ የወሰደችውን ፈቃድ ለባሏ እህት ሰጠቻት።

ፕሮፎርማ መጀመሪያ ተቆጣ። የቁጣ ደብዳቤ አረቀቀ፤ ለሰብሳቢ የሚጻፍ ደብዳቤ ግን በሰብሳቢ በኩል ነው የሚያልፈው። ማክሰኞ ሩዝ በላ። ረቡዕ ሣጥን ሠሪው ሣጥኑን ተሸክሞ መጣ።

«ቅሬታ ያቀረበ አለ?» አለ።

«የለም።»

«ታዲያ ብስክሌቱ የታል? እንሰረዋ።»

«ሄዷል።»

ሣጥን ሠሪው ኮሪደሩን ወዲህና ወዲያ አየ። ከዚያ ሣጥኑን አስቀምጦ ጫፉ ላይ ተቀመጠ፤ ፕሮፎርማም በሌላው ጫፍ ተቀመጠ። ሣጥኑ አልተወዛወዘም።

«በሥራዬ አንድ ነገር ታዝቤያለሁ፣ ጋሼ» አለ ሣጥን ሠሪው። «ዕቃዬን አሟልቼ ይዣለሁ ብሎ የሄደ የለም። ጎደለኝ ብሎ የተመለሰም የለም።»

እሱ ከሄደ በኋላ ፕሮፎርማ እዚያው ሣጥን ላይ ብዙ ቆየ። እህቱ አሁን የትኛው ዳገት ላይ እንደምትሆን አሰበ። ጉልበቷን አሰበ። ያፈረው ያን ጊዜ ነው፤ ጆሮው እስኪግል አፈረ።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት። ከኋላዋ የወራጅ ውሃ ድምፅ ይሰማል።

«ደረስን» አለችው።

ሊል የፈለገው ብዙ ነበር። የወጣው ግን «ቦርሳው ተወዛወዘ?» የሚል ነው።

«አልተወዛወዘም።»

«ጎማ ነካ?»

«አልነካም፣ አንተ ሰውዬ።»

«እትዬን አቅርቢልኝ።»

እህቱ ስልኩን ስትቀበል አቃሰተች። «ጉልበቴ ዳቦ አክሏል» አለች። «መጥቻለሁ፤ መመለሱን ግን በአውቶቡስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እሳፈራለሁ። ስለዚህ እዚህ አንድ ብስክሌት ሰው አጥቷል። ስማ፣ ነገ ና።»

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ፕሮፎርማ ሸሚዝና ካልሲ በፌስታል ጠቅልሎ አውቶቡስ ተራ ሄደ። መጀመሪያ በተጠራው አውቶቡስ ወጣ። ሌላ መኪና መኖር አለመኖሩን እንኳ አልጠየቀም። አራት ቀን በብስክሌት የሚያስኬደው መንገድ በስድስት ሰዓት አለቀ። በመስኮት ዳገቶቹን እያየ ሄደ። ከባድ ነበሩ፤ እንደፈራቸው አይነት ግን አልነበሩም።

እህቱ የድልድዩ መከታ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሚስቱ ከታች ወንዙ ዳር ልብስ ታጥባለች። ፕሮፎርማ ፌስታሉን እንደያዘ ከእህቱ አጠገብ ተቀመጠ። ድንጋዩ ከፀሐዩ የተነሳ ሞቅ ብሏል።

«ቦርሳው አልነበረም፣ እትዬ» አለ። «ፈርቼ ነው።»

«ምን ፈራህ?»

«ዳገቱን። መሀል ላይ ሲያቅተኝ፣ አንቺ በታመመ እግርሽ ቀድመሽኝ ወጥተሽ፣ ከላይ ቆመሽ ስታይኝ።»

«ከተወለድክ ጀምሮ ቀድሜህ ነው የኖርኩት» አለች። «ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለውና ነው?» ከዚያ ጉልበቷን እያሸች «እኔ እኮ መሀል ላይ አቅቶኝ ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ። ገፍታ ያወጣችኝ ሚስትህ ናት» አለችው። «አንተ ብትሆን ደስ ይለኝ ነበር።»

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። መንገዱ ግን አልቋል።»

ቅዳሜ ጠዋት እህቱን አውቶቡስ ላይ አሳፍረው ተነሱ። ሚስቱ የደብዳቤ አዳይዋን ብስክሌት ያዘች፤ እሱ የራሱን ኮርሳ። አውቶቡሱ ሰው እስኪሞላ ስለሚቆም እነሱ ቀደሙ። የመጀመሪያው ዳገት ድልድዩ ካለበት ከተማ መውጫ ላይ ነው። ፕሮፎርማ ግማሽ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ አጠረ፣ ጭኑ ነደደ፣ ግን አልወረደም።

የአውቶቡሱን ድምፅ ከኋላው ሰማ። ዳገት ስለሆነ አውቶቡሱም እያቃሰተ፣ ከሱ እምብዛም ሳይፈጥን ነው የሚወጣው። ጎኑ ደርሶ መስኮቶቹ አንድ በአንድ ያልፉት ጀመር። በአራተኛው መስኮት እህቱ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አውጥታለች። እጁን ሊያነሳላት ፈለገ፤ ቢለቅ ሊወድቅ ሆነ። ስለዚህ አያት ብቻ፤ እሷም አየችው። ጥቂት ሜትሮች እንዲያ እኩል ሄዱ። ከእህቱ ጋር ጎን ለጎን የሄደው መንገድ ይኸው ነው፤ አውቶቡሱ እሱን ለማለፍ የፈጀበትን ያህል።

«ማርሽ ቀንስ!» ብላ ሚስቱ ከኋላ ጮኸችበት፤ እሱም ቀነሰ።